ከፓራጓይ የመጡት ባርኔጣ አዳሽ

ኔልዳ ቲቱዋኛ የኪቶን አሮጌ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ የዞረችው ወደ ኋላ እየሄደች ነው። ሥራው እንዲህ ነው። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ የሚሄድ አስጎብኚ የሚያወራው ለአየሩ ነው፤ ጎብኚው ጀርባውን ብቻ ያያል። ስለዚህ ኔልዳ ቀይ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ትይዝና ፊቷን ወደ ሰዎቹ መልሳ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በጀርባዋ ትሄደዋለች። የትኛው የድንጋይ ንጣፍ እንደተፈነቀለ፣ የትኛው የእግረኛ መንገድ በድንገት እንደሚያልቅ ተረከዟ ያውቃል። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ የምትሄጂበትን አይደለም፣ የመጣሽበትን ብቻ ነው የምታዪው» እያለ ይስቅባት ነበር።

አካሄዱ አንድ ጥቅም አለው፤ ሰው አይጠፋባትም። ሌሎች አስጎብኚዎች በየማዕዘኑ ቆመው በጣታቸው ይቆጥራሉ። ኔልዳ አትቆጥርም፣ ፊት ትይዛለች። አንድ ፊት ከጎደለ አፏ ወሬውን ሳያቋርጥ ዓይኗ ፍለጋ ይጀምራል።

ካለፈው የዝናብ ወቅት ወዲህ ከነዚያ ፊቶች መካከል በየቀኑ የማይለወጥ አንድ ፊት ነበር። የአባቷ ፊት ነው።

ዶን ኤሪቤርቶ ቲቱዋኛ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባርኔጣ ሲያድሱ ኖረዋል። ከሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ላብ የጠጣ፣ ዝናብ ያጎበጠው፣ ሰው የተቀመጠበት ባርኔጣ ይመጣላቸዋል፤ በእንፋሎት ያለሰልሱታል፣ ከእንጨት በተቀረጸ ራስ ላይ ይወጥሩታል፣ ተኩሰው አዲስ ጥብጣብ ያስሩበታል። ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በሌላ ነገር ነበር። መሃል ላይ ሙጫ ወይም ጥብጣብ ካለቀባቸው ደንበኛውን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ «መጣሁ» ይሉትና ይወጣሉ። ሱቁን አይዘጉም። ጥብጣቡን ፍለጋ በሄዱበት ወሬ ይይዛቸዋል፤ ከወሬው ወደ ቢራ፣ ከቢራው ወደ ለቅሶ ቤት ይሻገራሉ። ደንበኛው ግን ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ምክንያቱም ዶን ኤሪቤርቶ «መጣሁ» ብለው ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም። ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ቆፍሮ ጥሎ ሲሄድ ሰው «ይሄ እንኳ የዶን ኤሪቤርቶ መጣሁ አይደለም፣ እሳቸው ይመጣሉ» ይል ነበር።

አሁን ሱቋ የስልክ ሽፋን ይሸጥባታል። ዶን ኤሪቤርቶም ሰማንያን አልፈው መርሳት ጀምረዋል። መጀመሪያ የረሱት የጋዝ ምድጃውን ማጥፋት ነበር። ቀጥሎ አንድ ቀን ከከተማው ደቡብ ጫፍ ካለው የአውቶቡስ ጣቢያ ተገኙ፤ ከብዙ ዓመት በፊት የቀረ የአውቶቡስ መስመር እየጠበቁ ነበር። ኔልዳ አንድ ቀን በሩን ቆልፋባቸው ወጣች። ማታ ስትመለስ ጎረቤቶቿ አባቷ ቀኑን ሙሉ ከውስጥ ሆነው በሩን ሲያንኳኩ እንደዋሉ ነገሯት። አልጮኹም። ሰው ቤት በእንግድነት እንደመጣ ሰው በጨዋ ደንብ ያንኳኳሉ፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ እንደገና ያንኳኳሉ። ከዚያ ወዲያ አልቆለፈችም፤ አንዲት ጎረቤት አባቷን ታይላት ጀመረች። ይህች ጎረቤት ልጇ ዘንድ ወደ አምባቶ ስትሄድ ደግሞ ሌላ ሰው አልተገኘም።

በማግስቱ ኔልዳ አባቷን ግራጫ ባርኔጣቸውን አስደርጋ፣ ደረታቸው ላይ የምትሠራበትን የአስጎብኚ ድርጅት ክብ ምልክት ለጥፋ ይዛቸው ወጣች። ድርጅቱ ዘመድ ይዞ መሥራትን አይፈቅድም።

«አባዬ፣ እዚያ ስንደርስ ልጄ እንዳትለኝ» አለቻቸው በመንገድ ላይ። «አንተ ጎብኚ ነህ። እኔን ሴኞሪታ ነው የምትለኝ።»

«ከየት አገር ነው የመጣሁት?»

«ከፈለግህበት።»

ዶን ኤሪቤርቶ ነገሩን ወደዱት። ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጡ፣ «ሴኞሪታ፣ ይህ ሕንጻ በማን ዘመን ተሠራ?» ብለው ጠየቁ፣ ከሌሎቹ ጋር አንጋጠው አደነቁ። አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ኔልዳን ማስጨነቅ የጀመረውም ይህ አለመሳሳታቸው ነው። አንድ ማታ ቤት ውስጥ የድንች ሾርባ ስታቀርብላቸው «አመሰግናለሁ ሴኞሪታ፣ የዚህ ሆቴል ምግብ ደህና ነው» አሏት። ሳቀች። እሳቸውም እንዲስቁ ጠበቀች። ዶን ኤሪቤርቶ ሾርባቸውን ጠጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ የሚጫወቱትን ከረሱት መለየት አልቻለችም፤ ልትጠይቃቸውም ፈራች።

በአሮጌው ከተማ ያለ ነጋዴ ሁሉ ምስጢሩን ያውቃል፣ ማንም አያወጣውም። በተለይ በሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ በጋሪ የጓቫ አረፋ የሚባለውን ጣፋጭ የምትሸጠው ዶኛ ሉስሚላ ከኔልዳ ጋር በልጅነታቸው አንድ መንገድ ላይ ገመድ ዘለዋል። ቡድኑ አደባባዩ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ዶን ኤሪቤርቶ «ደክሞኛል» ብለው ከጋሪዋ ጎን ይቀመጣሉ፤ ኔልዳ ቀሪዎቹን በአውቶቡስ ወደ ፓኔሲዮ ኮረብታ ወስዳ እስክትመለስ ሉስሚላ ታያቸዋለች። ከዚያ በላይ አትችልም። የማዘጋጃ ቤቱ ጠባቂዎች ሲመጡ ጋሪዋን እየገፋች መሮጥ አለባት።

አንድ ቀን ጠዋቱ ብሩህ ነበር። ቡድኑ አደባባዩ ሲደርስ ሉስሚላ ገና ከሩቅ ተጣራች።

«ዶን ኤሪቤርቶ! ዛሬ ከየት ነን?»

«ከፓራጓይ» አሉ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው።

«ትናንት ከፖርቱጋል አልነበሩም እንዴ?»

«እሱ ሌላ ሰው ነው።»

«ፓራጓይ ባሕር አለው?»

«የለውም። ለዚህ ነው የወጣሁት።»

ከጎናቸው የነበረችው ጀርመናዊት ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባይገባትም ሳቀች። ብሪጊተ ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ለዚህ ጉዞ ብላ ክረምቱን ሙሉ ስፓኒሽ ስትማር ከርማለች፤ ከሁሉም የቡድኑ ሰዎች ቀስ ብለው የሚናገሩት ዶን ኤሪቤርቶ ስለሆኑ ከጠዋት ጀምሮ ከጎናቸው አልተለየችም።

«ፓራጓይ ውስጥ የት ነው የሚኖሩት?» አለቻቸው።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ።»

«የትኛው ቤተ ክርስቲያን?»

«የትኛውም ቢሆን ጀርባ አለው፣ ሴኞራ።»

ኔልዳ ጃንጥላዋን አነሳች። የቤተ ክርስቲያኑን ሰፊ ደረጃ በጀርባዋ ወጣች፣ ከፍ ያለውን የበሩን ደፍ በተረከዟ ፈልጋ ተሻገረች። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ወርቅ የተለበጠው እንጨት ብቻ ይታያል። ስለ ቀራጮቹ፣ ጣሪያው ላይ ስላሉት ፊቶች፣ ስለ ምድር መንቀጥቀጡ አወራች። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ከብሪጊተ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ አየችው።

ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰች። ከዚያ ጠጋ ብላ «አብረውዎት የነበሩት ሽማግሌ የት አሉ?» አለቻት።

«ከኋላ ናቸው» አለች ብሪጊተ። «እየተከተሉን ነው።»

ኔልዳ ትንሽ ጠበቀች። ስለ መላእክቱ አወራች። ከዚያ ሰዎቹን ፎቶ እንዲያነሱ ተወቻቸውና ወደ በሩ ተመለሰች። ዶን ኤሪቤርቶ በሩ ላይ አልነበሩም። እየተከተሉ ከነበረ ገብተዋል ማለት ነው፤ ገብተው ከሌሉ ደግሞ በጎን ባለው መተላለፊያ ወደ ሌላው መንገድ ወጥተዋል። ከዚህ ቀደምም አንዴ እንዲህ አድርገዋል። ሮጣ ወደ ጋሪዋ ወረደች።

«ሉስሚላ፣ አባዬን አየሽው?»

«ከናንተ ጋር ገብተው የለም እንዴ?»

«በጎን በር ወጥቶ መሆን አለበት። ቁልቁል ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ሁልጊዜ ቁልቁል ነው።»

ሉስሚላ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «በይ እኔ ጋሪዬን ይዤ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ አደባባይ ልውረድ። ሎተሪ ሻጩ በላ ሮንዳ በኩል ይሂድ። ጫማ ጠራጊዎቹንም እልካቸዋለሁ። አንቺ ሂጂ፣ ሰዎችሽ እየወጡ ነው። አይዞሽ ጎረቤት፣ ፓራጓይ ሩቅ ነው፣ በእግራቸው አይደርሱም።»

ኔልዳ አልሳቀችም። ሉስሚላም ከአፏ ከወጣ በኋላ አልወደደችውም። ጋሪዋን ገፍታ ሄደች።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን መንገድ ኔልዳ እንዴት እንደሄደችው አታስታውስም። ተረከዟ ሄደላት። አፏም አወራላት፤ ብቻ የአንዱን ገዳም ታሪክ ለሌላው ሰጠችው፣ ከሜክሲኮ የመጣው ጎብኚም «ቅድም ይህን ስለ ሌላ ሕንጻ አልነገሩንም?» ብሎ ጠየቃት። ይቅርታ ጠየቀች። በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግራ መንገዱን ታይ ነበር። ግራጫ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ በኪቶ ስንት እንደሆነ ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ጎብኚዎቹ ቸኮሌት ቤት ገብተው ሲቀምሱ ከበሩ ላይ ሆና ለወንድሟ ደወለች። ፋውስቶ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል።

«ፋውስቶ፣ አባዬ ጠፋ።»

«የት?»

«የቱን ባውቅ ጠፋ እልሃለሁ?»

ከስልኩ ውስጥ የሞተሩ ድምፅና የሆነ ሕፃን ልቅሶ ተሰማ። «እኔ ከሪዮባምባ አልፌያለሁ» አለ ፋውስቶ። «አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ነው። ምን ላድርግ? ላዙረው?»

«ምንም አታድርግ። እንድታውቅ ብዬ ነው።»

«ጥሩ። አሁን ሁለት ሰው ሆነን ምንም አናደርግም።» ከዚያ «ኔልዳ፣ ተናድጄ አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ።»

ከቸኮሌት ቤቱ ማዶ አንድ ወጣት ፖሊስ ቆሟል። ኔልዳ ሄደች፤ ሜክሲኳዊውና ሚስቱም ቸኮሌታቸውን እያኘኩ ምን እንደተፈጠረ ለማየት ተከትለዋት ከኋላዋ ቆሙ።

«አንድ ሽማግሌ ጠፍተውብኛል» አለች። «ግራጫ ባርኔጣ፣ ቡናማ ኮት፣ ደረታቸው ላይ የድርጅታችን ምልክት አለ።»

«ጎብኚ ናቸው?»

ኔልዳ የሜክሲኳውያኑን ትንፋሽ ከጀርባዋ ሰማች። አንድ ጎብኚ ለድርጅቱ አንድ ቃል ከተናገረ ነገ አባቷን ይዛ መምጣት አትችልም።

«አዎ» አለች።

«ከየት አገር?»

መልሱ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። «ከፓራጓይ።»

ፖሊሱ ስልኳን መዝግቦ በሬዲዮ መገናኛው አስተላለፈ። አንድ የፓራጓይ ዜጋ፣ ዕድሜው የገፋ፣ መንገዱን የማያውቅ። ኔልዳ ልታርመው አፏን ከፈተች፤ ሜክሲኳዊቷ ትከሻዋን ዳሰሰቻትና «ምስኪን፣ ከአገሩ ርቆ» አለች። ኔልዳ አፏን ዘጋች።

አውቶቡሱ ጋ ሲደርሱ ሹፌሩ ክሌቨር ሰዎቹ ሲሳፈሩ በዓይኑ ቆጠረ።

«ሁሉም አለ?» አላት።

«ሁሉም አለ።»

እውነቷን ነው። ከፍሎ የመጣ ሁሉ ተሳፍሯል። ማንም አልጎደለም።

ከፓኔሲዮ ኮረብታ ላይ ክንፍ ካላት ከታላቋ የማርያም ሐውልት ሥር ሆኖ ወደ ታች ለሚያይ አሮጌው ከተማ በሙሉ እንደ ትሪ ተዘርግቶ ይታያል። ጎብኚዎች ይህን ይወዱታል። ኔልዳ ሁልጊዜ እዚህ ስትደርስ ጃንጥላዋን ወደ ታች ዘርግታ ያለፉበትን መንገድ ታሳያቸዋለች፤ ያ ጉልላት፣ ያ ግንብ፣ ያ ነጭ አደባባይ። ያን ቀንም አሳየቻቸው። ጣሪያ በጣሪያ ታውቀዋለች። አባቷ ከነዚያ ጣሪያዎች መካከል በአንዱ ጥግ አሉ፤ ሁሉም ቦታ ከፊቷ ነው፣ እሳቸውን ግን ማየት አትችልም። ከፒቺንቻ ተራራ ላይ ጥቁር ደመና መውረድ ጀምሯል። ዶን ኤሪቤርቶ የዝናብ ካፖርት አልያዙም።

ስልኳ ጮኸ። ፖሊሱ ነው። «ሴኞራ፣ በየሆቴሉ ደውለናል። ከፓራጓይ የመጣ እንግዳ የትም የለም። እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለች ኔልዳ።

«እንግዲህ አገራቸው ሳይታወቅ እንዴት እንፈልጋቸው?»

ከዚያ ሉስሚላ ደወለች፤ ሳንቶ ዶሚንጎ የሉም፣ ላ ሮንዳም የሉም፣ ጫማ ጠራጊዎቹ እስከ ገበያው ድረስ ወርደዋል። ኔልዳ አመሰገነቻት። ስልኩን ስትዘጋ ብሪጊተ አጠገቧ ቆማ ነበር።

«እኚያ ሽማግሌ አልመጡም?»

«አልመጡም።»

«ልርዳዎት?»

ኔልዳ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ከዚያ መደበቁ የሚጠቅማት ስላልመሰላት እውነቱን ተናገረች። «አባቴ ነው።»

ብሪጊተ ይህን በልቧ ተረጎመች። «ከፓራጓይ?»

«ከፓራጓይ አይደለም። ከዚሁ ነው። ከዚያ ከሚታይዎት ጣሪያ ሥር ነው የተወለደው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ብሪጊተ። ፊቷ ቀላ። «እኔ እኮ ይጠፋሉ ብዬ አላሰብኩም። ራሳቸው እየተከተልኳችሁ ነው አሉኝ።»

«እሱ እየተከተልኳችሁ ነው አይልም» አለች ኔልዳ በዝግታ። «እንዲህ አይናገርም። በራሱ ቃል ምን አለዎት?»

ብሪጊተ መምህሩ ጥያቄ እንደጠየቀው ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች። «በሩ ላይ ነበርን። እርስዎ ገቡ፣ ሁላችንም ገባን። እሳቸው እጃቸውን እንዲህ አደረጉና» መዳፏን ከፍ አድርጋ አሳየች፣ «‹መጣሁ፣ ሴኞራ› አሉኝ። መጣሁ። በትክክል ሰምቼዋለሁ። ይህን ቃል ተምሬዋለሁ።»

ብሪጊተ በተማረችበት ትምህርት ቤት «መጣሁ» የሚለው የሚመጣ ሰው ነው። በኪቶ ግን የሚሄድ ሰው ነው «መጣሁ» የሚለው።

አባቷ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልገቡም፤ በጎን በርም አልወጡም። አንድ ነገር ሊገዙ ወይም አንድ ነገር ሊያዩ ሄደዋል፣ ወደዚያው በር ተመልሰው ይመጣሉ። እሷም ሉስሚላን፣ ሎተሪ ሻጩን፣ ጫማ ጠራጊዎቹን ሁሉ ከዚያ በር አንስታ በትናቸዋለች። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ያልቆመበት አንድ ቦታ ቢኖር ያ በር ነው።

«ክሌቨር፣ አሁኑኑ መውረድ አለብኝ» አለች።

«ፎቶ እያነሱ ነው እኮ።»

«እኔ በታክሲ እወርዳለሁ። አንተ ምሳ ቤቱ አድርሳቸው።»

«ሴኞራ ኔልዳ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። አለቃችን ሊሰንሲያዶው ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«ያየኸውን በለው።»

ብሪጊተ ሳትጠየቅ ታክሲው ውስጥ ገባች። ከኮረብታው የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በምሳ ሰዓት ይዘጋል፤ አንድ የጭነት መኪና ጋዝ ሲሊንደር እያወረደ መንገዱን ይዞታል። የታክሲው ሹፌር ጥሩምባውን ነፋና እጁን መሪው ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። «አሁን ይሄዳል» አለ። የኪቶ ሹፌር «አሁን» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ኔልዳ ታውቃለች። ስልኳ ጮኸ።

«ሴኞራ ኔልዳ» አለ የድርጅቱ ኃላፊ፣ ሊሰንሲያዶ ቪቴሪ። የሚናገረው እንደ ወትሮው ዝግ ብሎ ነው። «ቡድን ኮረብታ ላይ ጥሎ መውረድ ምን ይባላል?»

«አባቴ ጠፍቶብኝ ነው።»

«አዝናለሁ። ከልቤ ነው የምለው። ግን አባትዎ የድርጅቱ ጎብኚ አይደሉም።»

«ነበሩ እንጂ» አለች፣ ሳታስበው።

«ምን አሉኝ?»

የጭነት መኪናው ተነቃነቀ። ኔልዳ ስልኩን ዘጋችው።

አደባባዩ ሲደርሱ የመጀመሪያው ዝናብ ድንጋዩን ነጠብጣብ አድርጎታል። ሰዉ ወደየበረንዳው ተሰብስቧል። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሻማ ሻጯ ሳጥኗን በላስቲክ እየሸፈነች ነበር።

«ባርኔጣ ያላቸው?» አለች። «ጣፋጭ በከረጢት የያዙ? መጥተው ነበር እኮ! ‹ሰዎቼስ?› አሉኝ። ሄደዋል አልኳቸው። እዚህ ቆመው ቆዩ፣ ቆዩና ‹እንግዲያው መጣሁ› ብለው ሄዱ።»

«በየት በኩል?»

«እኔ ሻማ ነው የምሸጠው፣ ልጄ። ደግሞ ተመልሰው መጡ። ደግሞ መጣሁ ብለው ሄዱ።»

ኔልዳ ደረጃው ላይ ቆመች። ከአደባባዩ በየአቅጣጫው የሚወጡ መንገዶች አሉ፤ አንዱን ይዛ ብትሄድ በሌላው ሊመጡ ይችላሉ። ባትሄድ ደግሞ በዚህ ዝናብ አንድ ቦታ ወድቀው ሊሆን ይችላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ደረጃ ላይ ሰው አቁማ «ይጠብቁኝ» ስትል ኖራለች። ለራሷ ተራው ሲደርስ እንዴት ቆሞ እንደሚጠበቅ አላወቀችበትም። እጇን የት እንደምታደርግ እንኳ ጠፋት።

«እኔ በዚያ በኩል ልሂድ?» አለች ብሪጊተ።

«አይሂዱ። እርስዎም ይጠፋሉ።»

ሁለቱም በቀይዋ ጃንጥላ ሥር ቆሙ። ዝናቡ ጠነከረ፣ ከዚያ በረዶ ቀላቀለ፣ ከዚያ ተመልሶ ዝናብ ብቻ ሆነ። የደረጃው ውሃ በጫማቸው መሃል ወረደ። ኔልዳ ዓይኗን ከመንገዶቹ አፍ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ታዞር ነበር፤ የምትችለው ይህን ብቻ ነው።

ዶን ኤሪቤርቶ የመጡት ማንም ባላሰበው በኩል ነው፣ ከላይ፣ ከዳገቱ። ቀስ ብለው፣ ግድግዳውን ተጠግተው። ባርኔጣቸው ውሃ ጠጥቶ ክፈፉ እስከ ቅንድባቸው ወርዷል። በእጃቸው የያዙት የወረቀት ከረጢት ረጥቦ ውስጡ ያለው የኦቾሎኒ ጣፋጭ ስኳሩ ቀልጦ ሮዝ ሆኖ በጣቶቻቸው መሃል ይፈሳል።

«እናንተ ሰዎች ሰው አትጠብቁም» አሉ ደረጃው ላይ ሲደርሱ። «መጣሁ አልኩ እኮ።»

ከረጢቱን ለብሪጊተ ዘረጉላት። «ለእርስዎ ነው፣ ሴኞራ። ከፓራጓይ አይደለም፣ የዚህ ነው። ረጅም ሰልፍ ነበረው።»

ብሪጊተ የቀለጠውን ከረጢት በሁለት እጇ ተቀበለች። ማልቀስ ጀመረች። ዶን ኤሪቤርቶ እንደ ጨዋ ሰው ሌላ ቦታ አዩላት። ከዚያ ወደ ኔልዳ ዞረው ባርኔጣቸውን ሊያነሱ ሞከሩ፤ ክፈፉ ጆሯቸው ላይ ተጣብቆ እምቢ አለ።

«ይቅርታ ሴኞሪታ። ቡድኑን አዘገየሁብዎት።»

ኔልዳ እጃቸውን ያዘች። በረዶ ሆኗል። ለብሪጊተ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት፤ ብሪጊተም ገብቷት ከረጢቱን እንደያዘች ደረጃውን ወርዳ ከማዕዘኑ ኋላ ተሰወረች። ሻማ ሻጯ ወደ ውስጥ ገብታለች። አደባባዩ ከዝናቡ በቀር ባዶ ነው።

«አባዬ» አለች ኔልዳ። «ጉብኝቱ አልቋል። ማንም የለም።»

ዶን ኤሪቤርቶ ዞረው አደባባዩን ከዳር እስከ ዳር በጥንቃቄ አዩት። የሆነ ሰው ተደብቆ እንዳለ የሚያጣሩ ይመስሉ ነበር፤ ወይም የሆነ ሰው የሚፈልጉ። የትኛው እንደሆነ ኔልዳ ከፊታቸው ማንበብ አልቻለችም።

«ቡድኑስ?» አሉ።

«ሄደዋል።»

«ነገስ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?»

በኪሷ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ማን እንደሆነ ለማወቅ ማውጣት አላስፈለጋትም።

«እንደ ሁልጊዜው ነው» አለች።

ወደ ቤት ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ክንዳቸውን ይዛ ጎን ለጎን ልትሄድ አሰበች፤ የእግረኛው መንገድ ግን ለሁለት ሰው አይበቃም። ከፊት ብትሄድ አይታዩአትም። ከኋላ ብትሆን እሳቸው የት እንደሚሄዱ አያውቁም። ስለዚህ ፊቷን ወደ አባቷ መለሰች፣ ጃንጥላዋን ወደ እሳቸው አዘነበለች፣ በጀርባዋ መሄድ ጀመረች። ዝናቡ ጀርባዋ ላይ ወረደ። ዶን ኤሪቤርቶ ዓይናቸውን ከጃንጥላዋ ሳይነቅሉ ተከተሏት፣ እንደ ጥሩ ጎብኚ።

ስልክ ሽፋን የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ጋ ሲደርሱ ቆሙና በጣታቸው አሳዩ።

«ይሄስ ምን ነበር፣ ሴኞሪታ?»

ኔልዳ ጉሮሮዋን ጠረገች። «በስተግራዎ የሚያዩት» አለች፣ «የባርኔጣ አዳሽ ሱቅ ነበር።»

«ጎበዝ ነበር?»

«ጎበዝ ነበር። ግን ሱቁን ክፍት ጥሎ፣ ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ መጣሁ ብሎ ይሄድ ነበር።»

ዶን ኤሪቤርቶ የተጣመመውን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉ። ነገሩ አሳስቧቸዋል።

«ይመለስ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

«እንዲያ ከሆነ ደህና» አሉ። ኔልዳም ተረከዟን ወደ ቁልቁለቱ ዘርግታ የሚቀጥለውን ድንጋይ ፈለገች።